ጨዋው ድመትና የቲቸር ቀለበት

ጥቅምት 4

ለምወድሽ ለእህቴ ልጅ፤

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ፣ ሥራሽስ፣ እንቅልፍሽስ? እኛ ፈጣሪ ይመስገን አለን። ስልክ ላይ ጆሮዬ እንደማይሰማ ታውቂያለሽ። ወንድምሽ እንኳ ሲደውልልኝ "ምን?" "ምን አልክ?" ስለው ነው ካርዱ የሚያልቀው። ስለዚህ በደብዳቤ ታገሺኝ።

እናትሽ ከሆስፒታል ከወጣች ወዲህ ጠዋት ጠዋት በረንዳው ላይ ትቀመጣለች። ቀኝ እጇና ቀኝ እግሯ እንደዚያው ናቸው፤ አፏም አልተፈታም። ትበላለች፣ ትተኛለች። ዓይኗ ክፍት ነው፣ ግን ግድግዳውንም ሰውንም አንድ አድርጋ ነበር የምታየው። አንድ ቀን ታዲያ የዳቦ ፍርፋሪ ከጠረጴዛ ልብሱ ላይ ወደ ግቢው ሳራግፍ ድንቢጦቹ ወረዱ፣ ዓይኗም አብሯቸው ወረደ። ሲነሱ ዓይኗም ተነሳ። "አሃ!" አልኩ። ወዲያው የአሮጌውን ድስት ክዳን ገልብጬ፣ በገመድ አስሬ፣ ከሎሚው ዛፍ ላይ ሰቀልኩት። ተቀምጣ እንድታየው ዝቅ አድርጌዋለሁ። በረንዳው ላይ ስለሚነፍስም ከቁርጥራጭ ጨርቅ አንድ ወፍራም ብርድ ልብስ ሰፍቼላት ከጉልበቷ እስከ መሬት ሸፍኜያታለሁ።

አሁን ግቢው ገበያ ሆኗል። ድንቢጦቹ ተሻምተው ይበላሉ፣ እርግቦቹ ይገፋፋሉ፣ ቁራው እንደ አከራይ እየተንጎራደደ መጥቶ ሁሉንም ያባርራል። አንዲት ደረቷ ቢጫ የሆነች ትንሽ ወፍ አለች፣ ስሟን አላውቀውም፤ ሌሎቹ ጠግበው ሲሄዱ ብቻዋን ነው የምትመጣው። እናትሽ እሷን ሳታይ ቤት መግባት አትወድም። በግድ ሳስገባት ታኮርፈኛለች።

ችግሩ ላባ ነው። በጠረግኩ ቁጥር በረንዳው ስር ላባ አገኛለሁ። ጥርጣሬዬ ከዚያ ጆሮው ከተቆረጠው ዳለቻ ድመት ላይ ነው። የማንም አይደለም፣ የሁሉንም ወጥ ቤት ያውቃል። ቆራጣው ብዬዋለሁ። ጦርነት ላይ ነን። ድመቴስ እንዴት ነው እንዳትይኝ፣ ያንቺው ጨዋው ደህና ነው። ጠግቦ እናትሽ እግር ስር ይተኛል፤ ወፎቹን ቀና ብሎ እንኳ አያይም።

ወንድምሽ መጥቶ ነበር። እናትሽን ወደ አፓርታማው ሊወስዳት ያስባል። ሆስፒታል ቅርብ ነው፣ ሊፍት አለው፣ ሠራተኛ እቀጥራለሁ ይላል። እሱ ግን የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ከወር ስንቱን ቀን ቤቱ እንደሚያድር አንቺም ታውቂያለሽ። "ያለ እህቴ ቃል አልወስዳትም" ብሏል። እኔ ምንም አላልኩም። አላልኩም ብልሽ ግን ውሸት ነው፤ ብዙ ብያለሁ፣ እዚህ አልደግመውም።

ወፍራም ካልሲ ካገኘሽ ለእናትሽ ላኪላት። ፈጣሪ ከክፉ ይጠብቅሽ።

አክስትሽ

ኅዳር 1

ለተከበሩ አክስቴ፣ ለእትዬ፤

የናፍቆት ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። ጉልበትዎ እንዴት ነው? ዛሬም ያለ መነጽር ክር ያስገባሉ ወይስ ተሸነፉ?

እኔ ደህና ነኝ። ሆቴሉ ሞልቷል፣ ስለዚህ ቀኑን ሙሉ አንሶላ ነው። ከማድረቂያው ሲወጣ እኔና የሥራ ጓደኛዬ ጫፍና ጫፍ ይዘን እንወጥርና ወደ መተኮሻው እናስገባዋለን። ማታ ስተኛም ጣቶቼ የአንሶላ ጫፍ እንደያዙ ናቸው። ኮንትራቴ ሊያልቅ ገና አንድ ክረምት ይቀረዋል።

ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት። አይቀየሙኝና ከእማዬ ይልቅ ስለ ድንቢጥ ብዙ አወቅሁ። ወንድሜ ጋሼ በስልክ የነገረኝ ሌላ ነው። ሐኪሙ "ሰው የምትለይ አይመስለኝም" ብሏል አለኝ። ይህን እርስዎ አልጻፉልኝም። እንዳላዝን ብለው ይሆናል፤ ግን ከሩቅ ሆኖ ግማሽ ወሬ መስማት ይብሳል።

አንድ ነገር ብቻ ነው የምጠይቅዎት። እማዬ አለች ወይስ የለችም? ካለች ከግቢዋ ማንም አይነቅላትም፣ ጋሼንም እኔው እጣላዋለሁ። ከሌለች ግን ለሐኪም ቅርብ መሆኗ ይሻላል፤ ማንሳትና ማስተኛቱም የእርስዎን ወገብ ይቆርጠዋል። ቃሌን የምሰጠው እርስዎ በሚነግሩኝ ነው።

ስለ ጨዋው አመሰግናለሁ። ዓይኑ ሳይከፈት ከቦይ ውስጥ አንስቼ በጠብታ ወተት እንዳሳደግኩት ያውቃሉ። እሱ ዝንብ አይነካም። ካልሲ ሁለት ጥንድ ልኬያለሁ።

የእህትዎ ልጅ

ኅዳር 24

ለልጄ፤

ሰላምሽ ይብዛ። ካልሲው ደርሷል፣ እጅሽ ይባረክ። አንዱን ጥንድ ያደረግኩት እኔ ነኝ፤ ስለተቆጣሽኝ ካሳ ነው።

"አለች ወይስ የለችም?" አልሽኝ። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ሳልለካ አልቆርጥም። ያየሁትን ብቻ ልጻፍልሽና አንቺ ፍረጂ።

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ እናትሽ በቀለበቷ የወንበሩን ክንድ ትመታለች። ቀለበቷ በግራ እጇ መሆኑ በጀን። ቋ ቋ ታደርጋለች፣ ሁለቴ፣ ጠንከር አድርጋ። ወፎቹም ብር ብለው ይነሳሉ። መጀመሪያ ቆራጣውን ያየችው መስሎኝ ጫማዬን አውልቄ ሮጥኩ። ከአጥር እስከ አጥር ድመት የሚባል የለም። በማግስቱም እንዲሁ መታች፣ እንዲሁ ሮጥኩ፣ ማንም የለም። ጎረቤታችን በአጥር አሻግራ "ምን ነካሽ?" እስክትለኝ ድረስ ሮጫለሁ። ጨዋው ብቻ ከብርድ ልብሱ ስር ለጥ ብሎ ተኝቷል።

ወንድምሽ መጥቶ አየ። ሲያይ ደስ ይለዋል ብዬ ነበር። "ነርቭ ነው እትዬ፤ እጇ በራሱ ጊዜ ነው የሚመታው" አለኝ።

የባሰውንም ልንገርሽ። አንድ ጠዋት ጭልፊት ከላይ ተወርውሮ ከአጥሩ ላይ እርግብ ነጥቆ ሄደ። እኔ ኡኡ አልኩ፣ ጎረቤት ወጣ፤ እናትሽ ግን ሽቅብ አየችውና ዝም። ቀለበቷ ንቅንቅ አላለም። ምንም በሌለበት የምትመታ ሴትዮ ጭልፊት ሲመጣ አትመታም። ወንድምሽ ቢሰማ "ይኸው!" ይላል። ደብቃኛለች እንዳትዪ ብዬ ነው የጻፍኩልሽ።

ቆራጣውን በመጨረሻ ያዝኩት። በዓሣ ራስ አታልዬ የልብስ ቅርጫት ደፋሁበት። ክንዴን ቧጭሮ ጨርሶታል። የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ አይጥ አስቸግሮኛል ብሎ ወሰደው። ያን ቀን ማታ እናትሽ ሾርባዋን አልቀበልም አለች። ማንኪያውን በጥርሷ ነክሳ ያዘችብኝ። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ላባውም ቆራጣው ከሄደ ወዲህ አልቀረም፤ ጭልፊቱ ይሆናል።

አክስትሽ

ታኅሣሥ 28

ለእትዬ፤

እንደምን ሰነበቱልኝ? ስለዘገየሁ ይቅር ይበሉኝ። እየጻፍኩ እቀድ ነበር።

ስለ ቀለበቱ ሳነብ ምን እንደሆነ ወዲያው አወቅኩት። እርስዎ ከስፌትዎ ተነስተው እማዬ የምታስተምርበት ክፍል ገብተው አያውቁም፤ እኔና ጋሼ ግን ያስተማረችን እሷ ናት። ክፍል ውስጥ እማዬ አይደለችም፣ ቲቸር ናት፤ "እማዬ" ብሎ የጠራ ወዮለት። ፈተና ስትፈትን ደግሞ ቃል አትተነፍስም። ጠረጴዛውን በቀለበቷ ነው የምትመታው። አንዴ ከመታች "ዓይን ወደ ራስ ወረቀት" ማለት ነው። ሁለቴ ከመታች ግን አለቀ፤ የኮረጀው ልጅ ተነስቶ ፊት ወንበር ላይ ይቀመጣል። ስም አትጠራም። ኮራጁ ራሱን ያውቃል። ጋሼ ስንት ጊዜ እንደተነሳ እሱን ይጠይቁት።

ግን እትዬ፣ ማንም በሌለበት ግቢ ውስጥ ሁለቴ መምታት ምን ይባላል? እጇ ያስታውሳል፣ እሷ ግን የለችም ማለት ነው። ባዶ ክፍል ተቀምጣ ስትፈትን እያሰብኩ እንቅልፍ አጣሁ። ከሐኪሙ ቃል ይልቅ ይኼ ሰበረኝ። ስለዚህ ለጋሼ እሺ ብዬዋለሁ። የካቲት አጋማሽ ላይ መኪና ይዞ ይመጣል።

ጨዋውን አብሯት ይላኩልኝ። ቢያንስ የሚወዳት አንድ ነፍስ አጠገቧ ይኑር። እርስዎን ማስቀየሜን አውቃለሁ፤ ግን ምን ላድርግ?

የእህትዎ ልጅ

ጥር 12

ልጄ፤

ሰላምታውን ላሳጥረው ነው። ደህና ነን፣ ደህና ሁኚ፣ አሁን ስሚኝ።

"እሺ ብዬዋለሁ" የምትለዋ ጋ ስደርስ አለቀስኩ። ስለ ራሴ አይደለም፤ እኔ የስፌት መኪናዬን ተሸክሜ የትም እሰፋለሁ። ፊቴን ታጥቤ ስመለስ ስለ ፈተናው የጻፍሽውን እንደገና አነበብኩት። "ስም አትጠራም፣ ኮራጁ ራሱን ያውቃል።" ግቢው ባዶ ነው ብዬ የነገርኩሽ እኔ ነኝ አይደል? ቀለበቱ በጮኸ ቁጥር ግን እኔ ጫማ ይዤ ወደ አጥሩ ነበር የምሮጠው። እናትሽን ዞሬ አይቻት አላውቅም።

በማግስቱ የስፌት መኪናዬን በረንዳው ላይ አወጣሁና ፊቴን ወደ ግቢው ሳይሆን ወደ እሷ አድርጌ ተቀመጥኩ። ክር የለውም፣ ፔዳሉን ዝም ብዬ እረግጣለሁ። ድንቢጦቹ በልተው ሄዱ። ቁራውም ተንጎራዶ ሄደ። ያቺ ቢጫ ደረት ብቻዋን መጥታ ክዳኑ ላይ አረፈች። ያኔ የብርድ ልብሱ ጫፍ ከፍ አለ። አፍንጫ ወጣ። ቋ ቋ! አፍንጫው ተመልሶ ገባ። እኔ ፔዳሌን እየረገጥኩ ነው። ትንሽ ቆይቶ አፍንጫው ደግሞ ወጣ። ቋ ቋ! አሁን አልሰማ አለ። ዘሎ ከክዳኑ ላይ አፈፍ አድርጓት ብርድ ልብሱ ስር ሲመለስ እኔ ገና ከመቀመጫዬ ብድግ እያልኩ ነው።

ጨዋው! ያንቺ ጨዋው! ዝንብ የማይነካው!

ጅራቱን ይዤ ስጎትተው ተፋት። ወፊቱ ጅራቷን አፉ ውስጥ ትታ ሎሚው ላይ ወጣች፤ በሕይወት አለች። ወንበሩ ከባድ ስለሆነ ስሩን ጠርጌ አላውቅም ነበር። ብርድ ልብሱን ስገልጠው እዚያ ያለው ላባ ትራስ ይሞላል። እይው እንግዲህ የእኔን ጉድ! መደበቂያውን የሰፋሁለት እኔ፣ ገበታውን ዝቅ አድርጌ የሰቀልኩለት እኔ። ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ ሲባል ስንት ዓመት ሰምቻለሁ። ያ ምስኪን ቆራጣው! አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኼ ነው። እናትሽ ያን ማታ ማንኪያውን ለምን እንደነከሰችብኝ አሁን ገባኝ። ሌባውን ሁለቴ መትታ ነግራኛለች፣ እኔ ንጹሑን በቅርጫት አስወጣሁ። እኔም ብሆን ሾርባ አልቀበልም ነበር።

ስለ ጭልፊቱም አሰብኩበት። ጭልፊት አይኮርጅም ልጄ። ከሰማይ ወርዶ እያየሽው ነው የሚወስደው። ቀለበቱ የእሱ ጉዳይ አይደለም።

ከዚያ ምን አደረግኩ መሰለሽ? ጨዋውን በማጅራቱ አንጠልጥዬ ፊት ለፊቷ ካለው ጉቶ ላይ አስቀመጥኩት። "ይኸው፣ ፊት ወንበር" አልኳት። የአፏ ግራ ጫፍ ወደ ላይ ሄደ። ሳቅ ነው። ቃል ግን አልወጣትም፣ አልዋሽሽም።

ቆራጣውን ልመልስ ወፍጮ ቤት ሄጄ ነበር። ሰውዬው "አይጡን ሁሉ ጨርሶልኛል፤ ሠራተኛዬን አልሰጥም" ብሎ ዱቄት በዱቄት እንደሆነ መለሰኝ። ድመቱም ጆንያ ላይ ተጋድሞ አየኝና ፊቱን አዞረ።

አሁን ሁለት ነገር ፈልጌብሻለሁ። አንደኛ፣ አንገት ላይ የሚታሰር ትንሽ ቃጭል ላኪ። ሁለተኛ፣ ወንድምሽን አንድ ጠዋት ብቻ መጥቶ ይቀመጥ በዪው። ሐኪም ያየውን ሐኪም ይናገር፤ እኔ ያየሁትን እሱም ይይ።

አክስትሽ

የካቲት 1

ለእትዬ፤

እንደምን አሉልኝ? ደብዳቤዎን ያነበብኩት በምሳ እረፍት ላይ ነው። "ፊት ወንበር" የሚለው ጋ ስደርስ እየሳቅኩ ማልቀስ ጀመርኩ፣ ማቆም አቃተኝ። ኃላፊዬ ምን ሆንሽ ስትለኝ "ድመቴ ኮረጀ" አልኳት። ወደ ቤት ሂጂ ብላ ሰደደችኝ።

ቃጭሉን ልኬያለሁ። እንደዚያ ያለ ጉድ ነው ያሳደግኩት ለካ! ስሙን ግን አይቀይሩበት፤ ልምድ ሆኗል።

ጋሼን ደውዬ ለመንኩት። "አክስታችን ስታረጅ ልቧ ብዙ ነገር ያያል" ይላል። መኪናውን ተከራይቷል፣ ቀኑን አይለውጥም። ግን አንድ ጠዋት ተቀምጬ አያለሁ ብሏል። ካላመነ ይወስዳታል። እኔም እሺ ያልኩትን እንዴት እንደምመልሰው አላውቅም፤ ከዚህ ሆኜ ባለቅስ ምን ይሠራል?

ስለዚህ አንድ ነገር አስቤያለሁ። ለእማዬ ያንብቡላት። እማዬ፣ ኮንትራቴን ጥዬ ልምጣ? አሁኑኑ ልምጣ ወይስ ልቆይ? ብትመልስልኝም ባትመልስልኝም ይጠይቁልኝ።

የእህትዎ ልጅ

የካቲት 19

ለምወድሽ ልጄ፤

ጤናሽ እንዴት ነው? እኛ ደህና ነን፤ የምለው ከልቤ ነው።

ቃጭሉ ደርሷል። ጨዋው ገና ከብርድ ልብሱ ስር ሲነቃነቅ ወፎቹ ሎሚው ላይ ናቸው። አንድ ሁለት ቀን ሞከረ፣ ከዚያ ተስፋ ቆረጠ። አሁን ጉቶው ላይ ተቀምጦ ያኮርፋል። ክዳኑንም ከፍ አድርጌ ሰቅዬዋለሁ፤ እናትሽን ከጀርባዋ በትራስ ደግፌ ቀና ሳደርጋት ታየዋለች።

ወንድምሽ በቀጠሮው መጣ። መኪናው ከኋላ ፍራሽ ተነጥፎበታል። የኪራይ መኪናውን ሾፌር "ሞተሩን አታጥፋ" ሲለው ሰማሁ። መጣና ተቀመጠ፣ ጠበቀ። ወፎቹ መጡ፣ በሉ፣ ሄዱ። ጨዋው ጉቶው ላይ ነው፣ ቃጭሉ ጸጥ ብሏል፣ ስለዚህ የምትመታበት ነገር የለም። ቃጭሉን በማሰሬ ራሴን ረገምኩ። ወንድምሽ ሰዓቱን አየ። "እትዬ፣ አየሽ?" አለኝ፣ ቀስ ብሎ። ክፉ ልጅ አይደለም፤ እሱም ከፍቶታል።

እኔ መላው ጠፋኝና ገና ያላነበብኩላትን ደብዳቤሽን አወጣሁ። እንደ ሁልጊዜው ለእናትሽ ጮክ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። ወንድምሽ "ስለ እኔ ምን ብላለች?" ብሎ ከኋላዬ መጣና በትከሻዬ ላይ አጎንብሶ ወደ ታች ቀድሞ ማንበብ ጀመረ።

ቋ!

አንዴ። ወንድምሽ እንደ እንጨት ቀጥ አለ። ሁለት እጁን ከጎኑ አደረገና "ይቅርታ ቲቸር!" አለ። ወዲያው ያለውን ራሱ ሰምቶ አፉን ያዘ። ጸጉሩ የሸበተ፣ ያን ሁሉ መኪና የሚነዳ ሰውዬ! ዞሮ አያት። እናትሽም ዓይኑን ዓይኑን እያየችው ነው። ግድግዳ የምታይበትን አስተያየት አውቀዋለሁ፤ ይኼ እሱ አልነበረም። እግሯ ስር ቁጭ አለና ጉልበቷ ላይ ተደፍቶ እንደ ሕፃን አለቀሰ። "አለች እኮ እትዬ! አለች!" ይለኛል። እሷም ግራ እጇን ራሱ ላይ አሳረፈች። ጨዋው ከጉቶው ወርዶ ብርድ ልብሱ ስር ሊገባ ሲል ቃጭሉ ጮኸ፣ ሁላችንም ሳቅን።

ከዚያ ወንድምሽ ወጥቶ ሞተሩን አስጠፋ። ፍራሹን ከመኪናው አውርዶ ሳሎን ውስጥ አነጠፈው። ከጉዞ በተመለሰ ቁጥር እዚህ ያድራል፤ ማንሳቱንም ማስተኛቱንም ይካፈለኛል። ሊፍቱን ሌላ ሰው ይሳፈርበት።

ያኔውኑ ደብዳቤሽን ካቆምኩበት ቀጠልኩ። ወንድምሽ በዚህ ጊዜ ራቅ ብሎ ተቀምጧል። "እማዬ፣ ኮንትራቴን ጥዬ ልምጣ?" የሚለው ጋ ስደርስ እናትሽ ዓይኗን ከክዳኑ ላይ አንስታ ወደ ወረቀቱ አየች። እንደገና አነበብኩላት። ያቺ ቢጫ ደረት ያለ ጅራቷ መጥታ እየበላች ነው፣ እናትሽ ግን አላየቻትም፤ የምታየው ያንቺን ጽሑፍ ነው።

መታች። አንዴ።

ሁለተኛውን ጠበቅን፣ አልመጣም። ትርጉሙን ያስተማርሽኝ አንቺው ነሽ፤ "ዓይን ወደ ራስ ወረቀት።" ሥራሽን ጨርሰሽ ነይ።

አክስትሽ